አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ግድግዳ

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። አንቺም ከበሩ ራቅ በይ፣ ነፋሱ ይመታሻል። ተቀመጡና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ማሽኑ በምን ይሠራል፣ ሽቦው በየት ይገባል ብላችሁ አታስጨንቁኝ፤ እሱን የሚያውቁት ያውቁታል። እኔ የምነግራችሁ የሰውየውን ነው።

ነገሩ የሆነው ደሴ ነው፤ ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት። የጦሳ ተራራ እንደ ወትሮው ጉሙን ተከናንቦ ቁልቁል ያያል። ከሥሩ ያለው ከተማ ግን ጸጥ ብሏል። መኪናው ሹፌር የለው፣ ድምፅ የለው። ሱቁ ሻጭ የለው። በመንገድ ላይ ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካያችሁ፣ ወይ ተጣልተዋል ወይ አርጅተዋል።

ሸዋበር ሰፈር ውስጥ ጋሽ ሙዓዝ የሚባል የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበረ። በወጣትነቱ እዚያው ደሴ ፒያሳ፣ አንድ በር ከማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ይጠግን ነበር። የዚያን ጊዜው ስልክ ብሎን ነበረው። በካቻቢቴ ይከፍተዋል፣ በአልኮል ይጠርገዋል፣ እፍ ይልበታል፣ የሞተው ይነሣል። ከኩታበር ሳይቀር እየመጡ ይሰለፉለት ነበር። እናቱም አልፎ አልፎ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመጣለች። «ሙዓዜ፣ ወልድያ እህቴ ጋ እንዴት እንደምደውል አሳየኝ» ትለዋለች። ደንበኛ ቆሟል፣ ወረፋ አለ። «አምጪው እናቴ፣ እኔ ልንካልሽ» ይልና ከእጇ ወስዶ፣ ጣቱን ፈጠን ፈጠን አድርጎ፣ ደውሎ ይሰጣታል። ደግ ልጅ ነበረ። አንድም ቀን ደክሞኛል ብሎ መልሷት አያውቅም። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያ ዘመን ሰው ሰባ ሲሞላው ቤቱ ግድግዳ ይገባለታል። ግድግዳ ስላችሁ ጭቃና ድንጋዩን አይደለም። ድምፅ ነው። ድምፁ ከግድግዳው ውስጥ ስለሚመጣ ሰዉ ሁሉ «ግድግዳው» ነው የሚለው። «ግድግዳው ጠየቀኝ፣ ግድግዳው እሺ አለኝ» ይባባላል። ጋሽ ሙዓዝ ግድግዳው የገባለት ሰሞን አሮጌ ካቻቢቴውን ይዞ ዙሪያውን ሲዳብስ ዋለ። አንዲት ብሎን አላገኘም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን ግድግዳው «እንዴት አደሩ ጋሽ ሙዓዝ?» ይላል። እግሩን ከአልጋ ሲያወርድ ወለሉ ይመዝነዋል። መስኮቱ ብርዱን ለክቶ ወይ ይከፈታል ወይ አይከፈትም። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። ሻይ ይፈልጋሉ? ወገብዎ ይታሽልዎ? መብራቱ ይጨመር? ግድግዳው ሳይጠይቅ አንዳች ነገር አያደርግም። ይኸውም በአዋጅ የወጣ ነው። ያረጀ ሰው እንደ ዕቃ የሚነሣ የሚቀመጥ አይደለም፣ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ ያለውም ይከበር ተባለ። መልካም አዋጅ ነው፤ ማንም ክፉ ነው አይለውም። አንድ ነገር ብቻ አለ። ግድግዳው የሚጠይቀው አንዴ ነው።

እንግዲህ ጋሽ ሙዓዝ ያደገው ወሎ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ቤት ገብታችሁ ብሉ ስትባሉ፣ ሆዳችሁ እየጮኸ «ኧረ አሁን በላሁ» ትላላችሁ። ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች። «ጠግቤያለሁ እኮ።» «አፈር ስሆን!» ያኔ እጃችሁን ትታጠባላችሁ። እናቱ፣ ያቺው ስልኳን በነጠላ የምትቋጥረዋ፣ ሲያድግ እንዲህ ትለው ነበር። «ልጄ፣ የፊተኛው አይ ከአፍ ነው። ሁለተኛው ከጉሮሮ ነው። ሦስተኛው ነው ከሆድ የሚመጣው። ሦስተኛውን ሳትሰማ ከሰው ፊት ማዕድ አታንሣ።»

ግድግዳው በገባ በመጀመሪያው ቀን «ሻይ ይፈልጋሉ?» አለው።

«አይ፣ አትቸገር» አለ ጋሽ ሙዓዝ።

«ምርጫዎን አከብራለሁ» አለና ዝም አለ።

ጋሽ ሙዓዝ ጠበቀ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንግድነት እንደሄደ ሰው ጠበቀ። ሚስቱ ሂክማ ከጓዳ ብቅ ብላ ስታየው ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ግድግዳ! ይጠጣል! ሁለት ማንኪያ ስኳር አድርግለት!»

«እሺ፣ ከወይዘሮ ሂክማ ለጋሽ ሙዓዝ፣ ሻይ። ለእርስዎስ ወይዘሮ ሂክማ?»

«ለእኔ ይቅርብኝ።»

«ውሸቷን ነው» አለ ጋሽ ሙዓዝ። «ትጠጣለች። እሷ ሦስት ማንኪያ ነው።»

እንዲህ አድርገው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። ለራሳቸው አይ እያሉ፣ አንዱ ለሌላው አዎ እያለ፣ ሻዩም ፈላ፣ ወገቡም ታሸ፣ ብርድ ልብሱም ተጨመረ። ግድግዳውም በአንድ ቤት የሚኖር ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው ያለውን ይቀበል ነበርና ግራ አልገባውም። እነሱም ችግር አለብን ብለው አላሰቡም።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሂክማ ደጃፉ ላይ አዳልጧት ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ። ከሐይቅ ዳር የአረጋውያን ማረፊያ አለ፤ የተሰበረውን የሚጠግኑት፣ ያልተጠገነውንም እዚያው የሚያኖሩት ነው። መኪናው መጣ። ሰው የማይገፋው አልጋ ወርዶ ወደ ቤት ገባ። አልጋው የእንቅልፍ መርፌ ወጋትና ሂክማ ተኛች።

ጋሽ ሙዓዝ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። ማንም ሳይነግረው ጋቢውን አጣጥፎ በፌስታል አደረገ። መስገጃውን ጨመረ። ሂክማ የምትወደውን ሻርፕ ጨመረ። ጫማውን አሰረ። በሩ ላይ ቆመ።

ግድግዳውም ጠየቀው። «ጋሽ ሙዓዝ፣ በማረፊያው ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ተገኝቷል። ከወይዘሮ ሂክማ ጋር ሄደው አብረው መኖር ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ እኔማ ደህና ነኝ» አለ ጋሽ ሙዓዝ፣ ፌስታሉን በእጁ ይዞ። «ቦታ ላጣብብ? ለባሰበት ሰው ስጡት።»

«ምርጫዎን አከብራለሁ» አለ ግድግዳው።

አልጋው ወጣ። ጋሽ ሙዓዝ በሞቴ የሚለው እስኪመጣ ጠበቀ። መኪናው ድምፅ የለውም ብያችኋለሁ፤ መሄዱን ያወቀው መንገዱ ባዶ መሆኑን ሲያይ ነው። ለእሱ አዎ የምትለው ሰው በመርፌ ተኝታ ሄደች።

ሁለት ቀን ጫማውን አላወለቀም። ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል ብሎ ነው። በሦስተኛው ቀን እንደ ዘበት አድርጎ ጀመረ።

«ያ አልጋ፣ ሰው አገኘ ይሆን?»

«የትኛው አልጋ?»

«ያ... ሐይቅ ያለው። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።»

«በተመዘገበው ምርጫዎ መሠረት አልጋው አይመለከትዎትም። ስለ አልጋ ማወቅ ይፈልጋሉ?»

«አይ፣ ይቅር» አለ፤ አፉ ቀደመው።

መልእክት መላክ ይፈቀድ ነበር። በየቀኑ ይልካል። ግን ናፍቀሽኛል የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሃምሳ ሁለት ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ አላለውም፤ እሷም አልጠበቀችውም። «ምን በላሽ? መስኮቱ ሥር እንዳትተኚ። ሻርፕሽ እዚህ ቀርቷል» ይላል። ግድግዳው ለአረጋውያን እንዲቀል ብሎ መልእክት ያሳጥራል። እዚያ ሲደርስ «ባለቤትዎ ደህና ናቸው። ስለ ምግብና ስለ መስኮት ጠይቀዋል» ይሆናል። ከእሷም ዘንድ «ባለቤትዎ ደህና ናቸው። ምግብ በልተዋል» ተብሎ ይመጣል። ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው። በዚያ ዘመን ደህና ያልሆነ ሰው አልነበረም።

ጎረቤቱ ኤልዳና የምትባል የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ነበረች። በወጣትነቷ ደሴ ዳገት ላይ ባጃጅ ትነዳ ነበር። ምላሷ እስከዚያ ዕድሜዋ ፍሬን አልያዘም። ጠዋት ጠዋት ከዘራዋን እያንኳኳች ትገባለች።

«አንተ ሙዓዝ፣ ገና እዚያው ተቀምጠሃል?»

«ምን ላድርግ ኤልዲ።»

«እፈልጋለሁ በላ! እኔን አታየኝም? ግድግዳዬ አፉን ሳይከፍት እፈልጋለሁ እለዋለሁ። ትናንት ዣንጥላ ብዬ አራት አመጣልኝ። ዝናብ የለም፣ አራት ዣንጥላ አለኝ።»

«አንቺ ድሮም ሰው መሀል መንገድ ላይ አቁመሽ የምትጭኚ ነሽ።»

«ደርሼ አወርዳቸው ነበር እኮ! አንተ ግን ቆመህ ቀረህ። በል፣ ተለማመድ። ሂክማ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ በል።»

ጋሽ ሙዓዝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ካልተቸገራችሁ...»

«ሙዓዝ!»

«እሺ፣ እሺ። እንግዲህ ቦታ ካለ፣ እሷም ካለች...»

«ካለ ምንድነው? ካለ ስትለው ያልቅልሃል! ባለፈው ምን አለህ?»

«ፍላጎትዎ ቅድመ ሁኔታ አለበት፣ አልጸናም አለኝ።»

«አየህ? በል እንደገና።»

«ሂክማ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ ኢንሻአላህ።»

ግድግዳው ከላይ ሆኖ «ፍላጎትዎ ቅድመ ሁኔታ አለበት፣ አልጸናም» አለ።

ኤልዳና ከዘራዋን አነሣች፤ ግድግዳውን ልትመታ ነበር፤ ተወችው። ጋሽ ሙዓዝ ራሱን ደፋ።

«ያለ ኢንሻአላህ እንዴት ብዬ ነገን እናገራለሁ? ደግሞም እፈልጋለሁ ማለት እኮ... ሰው ፊት ልብስ እንደማውለቅ ነው የሚሆንብኝ።»

ኤልዳና ከዘራዋን መሬት አስቀመጠች። አጠገቡ ቁጭ አለች።

አንድ ሰኞ ግን ጋሽ ሙዓዝ ተነሣና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው የምርጫ ማስተካከያ ቢሮ ሄደ። እዚያ አንዲት እውነተኛ ሰው ትቀመጣለች፤ ስሟ ማርያማዊት ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት። ከወንበሯ ተነሥታ ነው የተቀበለችው።

«ይቀመጡ አባባ።»

«አይ፣ ልቁም፤ ደህና ነኝ።»

«ኧረ ይቀመጡ፣ በሞቴ።»

ልጆቼ፣ ጋሽ ሙዓዝ ይቺን ቃል ሲሰማ ወንበሩን ሳበ። ተቀመጠ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ነገራት፤ ፌስታሉን፣ ጫማውን፣ አልጋውን። እሷም መዝገቡን ከፈተች። ብዙ አነበበች። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«አባባ፣ የባለቤትዎም ቃል አለ።»

«ምን ትላለች?»

«ላሰማዎት?»

ጋሽ ሙዓዝ አይ ሊል አፉን ከፈተ፤ ማርያማዊት ሳትጠብቀው አሰማችው። የሂክማ ድምፅ ከጠረጴዛው ውስጥ መጣ። ትንሽ ሻክሯል። «እሱን? አይ፣ አታድክሙት። ቤቱ ይረፍ። እኔ እዚህ ለምጃለሁ።»

ለምጃለሁ ያለችው ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ሁለታችሁም አልፈልግም ብላችኋል» አለች ማርያማዊት። «ሁለት ሰው እንዲህ ሲስማማ ሲስተሙ አረንጓዴ ያሳያል። ይኸው፣ ይመልከቱት። አረንጓዴ ነው። የተጋጨ ቢሆን ቀይ ሆኖ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። አረንጓዴውን ልነካው አልችልም።»

«ልጄ፣ ይኼ አይ እኮ የአፍ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ግን የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የሆድ የሚል መምረጫ እኔ ጋ የለም። አዎ አለ፣ አይ አለ።»

አዘነችለት። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለችና «ይተዉት፣ እኔ ልናገርልዎ» ብላ፣ በእሱ ፈንታ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ «ከባለቤቴ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» አለች። ጠረጴዛው «ድምፁ የጋሽ ሙዓዝ አይደለም» አላት። ደግማ ሞከረች። ጋሽ ሙዓዝ አያት። እናቱ ትዝ አለችው። ከፒያሳዋ ሱቅ ፊት ለፊት ቆማ፣ ባዶ እጇን እያየች፣ «አሳየኝ እንጂ ልጄ» ስትለው። እሱ ግን ደውሎ ሰጣት። ሁልጊዜ ደውሎ ሰጣት። በመጨረሻ እሱ አዲስ አበባ ዕቃ ሊያመጣ የሄደ ጊዜ፣ ወልድያ ያለችው እህቷ ታመመች ተባለ፤ እናቱ ስልኩን በመዳፏ እንደያዘች፣ ለማንም ሳትደውል፣ ሦስት ቀን ተቀመጠች። እህቷ ተቀበረች። እናቱ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችውም። «ምን ታደርግ፣ ሥራ ይዞህ ነው» ብቻ አለችው። ያችም የአፏ እንደነበረች አሁን ገባው፤ ስድሳ ዓመት ዘግይቶ።

«ልጄ፣ አትናገሪልኝ» አላት ማርያማዊትን። «እንዴት እንደሚባል አሳዪኝ።»

አሳየችው። ግማሽ ቀን ፈጀባት። እያስቀመጠች፣ እያስነሣች፣ በሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚጠየቅ፣ ምን ብሎ እንደሚመልስ፣ ከቃሉ በኋላ ትንፋሹን እንዴት እንደሚውጥ። «ቤት ያለው ግድግዳ የድሮውን ምርጫ ይዟል፣ አይለቅም» አለችው። «የማረፊያው በር ግን አዲስ ነው፤ እንደ አዲስ ይሰማል። እዚያ ሄደው ይበሉት። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የእሳቸው ፈቃድ ነው።»

«እሷ ትፈልጋለች» አለ ጋሽ ሙዓዝ። አለና ደግሞ ለምጃለሁ የሚለው ቃል ትዝ አለው። «ትፈልጋለች» ብሎ ለራሱ ደገመው።

በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ፌስታሉን ይዞ መኪና ውስጥ ገባ። ኤልዳና ከአራቱ ዣንጥላ አንዱን አስያዘችው። «ተናገር እንጂ!» አለችው። «አፍህ አይ ሊል ሲል ምላስህን ንከሰው!» መኪናው ያለ ሹፌር ቁልቁል ወረደ። መንገዱን ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የማረፊያው አጥር ረጅም ነጭ አጥር ነው፤ ከኋላው ውሃው ያብረቀርቃል። በሩ አንድ ነው። ከበሩ ፊት አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ በሩ። «ምን ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ሙዓዝ ጫማውን አስተካከለ። ፌስታሉን ደረቱ ላይ አስጠጋ።

«ሚስቴን ሂክማን ማየት እፈልጋለሁ። ከእሷ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

አለው። ካልተቸገራችሁ የለ፣ ቦታ ካለ የለ። ኢንሻአላህን በሆዱ ብቻ አላት፤ ከንፈሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሲኖር ለራሱ የጠየቀው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው።

«ፍላጎትዎ ግልጽ ነው። ጸንቷል» አለ በሩ። «አሁን የወይዘሮ ሂክማን ፈቃድ እጠይቃለሁ። መልሳቸውን ይሰማሉ።»

ከዚያ ከውስጥ ያለው ድምፅ ሲጠይቃት ሰማ። «ወይዘሮ ሂክማ፣ ባለቤትዎ ከእርስዎ ጋር መሆን ይፈልጋሉ። እርስዎስ ይፈልጋሉ?»

«ሙዓዝ?» አለች ሂክማ። ድምፅዋ እንደ ልጅ ድምፅ ቀና አለ። «ሙዓዝ እንዲህ አለ?»

«አዎ። እርስዎስ ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ሙዓዝ እጁን በሩ ላይ አደረገ።

«ውይ፣ አይ» አለች። «በዚህ ብርድ ከደሴ እዚህ ድረስ? ደረቱን ያመዋል። አይምጣ። ቤቱ ይረፍ በሉት። እኔ ምን ሆንኩ፣ ደህና ነኝ።»

ያንን ድምፅ ሃምሳ ሁለት ዓመት ያውቀዋል። መጨረሻው ላይ ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ነገር አለው፤ እጅ እስኪይዘው የሚጠብቅ። ለምጃለሁ ያለችውም እንዲያ እንደነበረች አሁን ዐወቀ።

«ሂክሜ!» ብሎ ጮኸ። «በሞቴ! እዚህ ነኝ! በሩ ላይ ነኝ!»

«ድምፅዎ ወደ ውስጥ አይገባም» አለ በሩ። «ነዋሪዋ መልሰዋል። ምርጫቸውን አከብራለሁ።»

«ደሴ ያለሁ መስሏት እኮ ነው! እዚህ መቆሜን ንገራት!»

«የጠያቂውን መገኛ መናገር በነዋሪ ላይ ጫና ማሳደር ነው። አይፈቀድልኝም።»

«እሺ፣ አንዴ ድገምና ጠይቃት። አንዴ ብቻ። አፈር ስሆን።»

«አይ ያለን ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ደግሞ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው። ከሠላሳ ቀን በኋላ መመለስ ይፈልጋሉ?»

ጋሽ ሙዓዝ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከውሃው የሚመጣው ነፋስ ፌስታሉን ያንኮሻኩሸዋል። አጥሩ ነጭ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ግን እሱ አላስፈለገውም። እሷ አሁን ምን እያደረገች እንደሆነ እንደ መዳፉ ያውቃል። አይ ካለች በኋላ ፀጉሯን በእጇ ሰብሰብ ታደርጋለች። ጆሮዋን ወደ ድምፁ ታደርጋለች፤ ሁለተኛው ጥያቄ መቼም አይቀርም ብላ። ያመማትን ዳሌዋን እየጎተተች፣ አልጋዋ ላይ ወደ ግድግዳው ጠጋ ትላለች። ለእሱ ቦታ ልትለቅ።

«እመለሳለሁ» አለ ለበሩ። ኢንሻአላህ ማለቱን ረሳው፤ መንገድ ላይ ትዝ ብሎት አለቀሰ።

በጥር ተመለሰ። በየካቲት ተመለሰ። «ሲጠይቁሽ እሺ በይ» ብሎ መልእክት ላከ፤ እዚያ ሲደርስ «ባለቤትዎ ደህና ናቸው» ሆነ። አንዴ ኤልዳና አብራው ሄዳ በሩን በከዘራ መታችው። በሩ «ምርጫዎን አከብራለሁ» አላት። ጋሽ ሙዓዝ በመጋቢትም ተመለሰ። እፈልጋለሁ ማለት አሁን አይከብደውም፤ ማርያማዊት በደንብ አሳይታዋለች። ግን ሠላሳ ቀን ረጅም ነው ልጆቼ። ከሠላሳ ቀን በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ አዲስ ነው። አዲስ የተጠየቀ ሰው ደግሞ የፊተኛውን አይ ይላል። በጥርም የፊተኛው ነው፣ በየካቲትም የፊተኛው ነው፣ በመጋቢትም የፊተኛው ነው። ሂክማ በዚያ በር በኩል አራት ጊዜ ተጠየቀች፤ አራቱንም ጊዜ ከአፏ መለሰች። ወደ ጉሮሮ የሚወርድ፣ ወደ ሆድ የሚደርስ ጥያቄ አልመጣላትም። በመጋቢቱ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «በልቷል?» ብላ ጠየቀች መጀመሪያ። ከዚያ «አይድከም» አለች።

ከመጋቢት ወዲያ ያለውን የነገረኝ የለም። ድንጋዩ ግን አለ ይላሉ። መሀሉ ጎድጎድ ብሏል፤ አንድ ሰው ብዙ ተቀምጦበት።

ይኸው ነው ልጆቼ። እንግዲህ ይመሻል፣ ተነሡ፣ ቤታችሁ ግቡ። እናንተ ገና ብዙ ነገር ትሠራላችሁ፣ የሚናገርም የሚጠይቅም። እኔን ሸኙኝ አልላችሁም፤ ቤቴ ቅርብ ነው፣ አቀበቱም አይከብደኝም፣ ደህና ነኝ። ብቻ የነገርኳችሁን አስታውሱልኝ።